ሳይጠይቁሽ ተናገሪ

ልጄ፣ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ እንደተቀበለሽ እናትሽ ከነገረችኝ ወዲህ ደስታውም ሐሳቡም አንድ ላይ ያዘኝ። እኔ ወደዚያች ከተማ የሄድኩት በደርግ ጊዜ፣ ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር ገና በነበረበት ዘመን ነው። በመንግሥት ስኮላርሺፕ ስለነበር ተቀባይ አላጣንም። መኝታችን ተዘጋጅቶ፣ ቋንቋ የምንማርበት ሄርደር ኢንስቲትዩት ተመድቦልን፣ የምንገባበት ፋኩልቲ ሳይቀር ተወስኖ ነበር የጠበቀን። ያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ከምዕራቡ ጋር ተዋህዶ ሲያከትም ያ አቀባበልም አብሮት ቀረ።

ከዚያ በኋላ እዚያው በሥራ ላይ ሳለሁ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ብዙ የእኛ ልጆች መጥተው ሲማሩ አይቻለሁ። ጨርሰው የተመረቁም አሉ፣ መሐል ላይ የቀሩም አሉ። የቀሩት ሰነፎች አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ከተመረቁት የበለጠ ጎበዞች ነበሩ። ችግር ሲገጥማቸው ዝም አሉ። እኛ ሰፈር ሁለት ቀን ከቤት ካልወጣሽ ጎረቤት «ምነው ጠፋሽ?» ብሎ በር ያንኳኳል። እዚያ የሰው ጓዳ ውስጥ አለመግባት እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር ማንም አያንኳኳም። ከተናገርሽ ግን የሚረዳሽ ቢሮም፣ ሰውም፣ ሕግም አለ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይኸው ነው፤ ዝርዝሩ ግን ስለሚጠቅምሽ በተራ በተራ አስቀምጥልሻለሁ።

1. ከመሄድሽ በፊት ስምሽን አንድ አድርጊ። በፓስፖርቱ፣ በዲግሪው፣ በትራንስክሪፕቱ፣ በእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ አንድ መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ብትለይ «ይቺ ሌላ ሰው ናት» የሚል የቢሮ ሠራተኛ ያጋጥምሻል፣ ሠራተኛውም በሥራው ትክክል ነው። የልደት ቀንሽንም እይው፤ ከእኛ አቆጣጠር ሲለወጥ በአንዱ ሰነድ ላይ ሰባት ዓመት፣ በሌላው ስምንት ዓመት ተደምሮበት እንዳይሆን። የማይገጥም ካገኘሽ እዚሁ አዲስ አበባ ሳለሽ አስተካክዪው። ፓስፖርትሽ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የአያትሽ ስም ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ልመጂው፤ ዶክተር ቤት ተራሽ ሲደርስ የሚጠሩት በእሱ ነው። ዋናዎቹ ሰነዶች ከእጅሽ አይለዩ፤ በሻንጣ ተጭነው አይሂዱ።

2. ገንዘቡን በግልጽ እንነጋገርበት፤ በቤታችን ስለ ገንዘብ በግልጽ ስለማይወራ ነው ብዙ ልጅ የሚጨነቀው። ለቪዛው ብሎክድ አካውንት ውስጥ የሚገባው 11,904 ዩሮ የአንድ ዓመት መኖሪያሽ ነው። በወር 992 ዩሮ እየተቆረጠ ይለቀቅልሻል፣ አስቀድሞ አይወጣም። ከዚያ ላይ የጤና መድን ብቻ ወደ 150 ዩሮ ይወስዳል። የተማሪ መኖሪያ ክፍል ካገኘሽ እንደ ክፍሉ ከ250 እስከ 400 ዩሮ አስቢ። የቀረው ለምግብ፣ ለስልክ፣ ለልብስ ነው። ይበቃል፣ ነገር ግን አይተርፍም። የመጀመሪያው ወር ክፍያ የሚለቀቀው እዚያ የባንክ ሒሳብ ከከፈትሽ በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ የምትኖሪበትና የቤት መያዣ የምትከፍዪበት ተጨማሪ ገንዘብ ያስፈልግሻል።

ዘመድ ይጠይቅሻል። «አውሮፓ ገባች» ሲባል የአጎት ልጅም፣ የጎረቤት ልጅም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ ይዞ ይመጣል፤ ችግሩም እውነት ነው። የአደራ ቃሌ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ለማንም አትላኪ። ከመሄድሽ በፊት እናትሽና አባትሽ ባሉበት ሒሳቡን በወረቀት ጽፈሽ አሳዪያቸው። ያን ጊዜ እምቢ የሚሉልሽ እነሱ ይሆናሉ። ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ አድራ ጠዋት ክፍል ውስጥ የምትተኛ ልጅ አይቻለሁ፤ ገንዘቡን የምትልክለት ሰው ይህን አያውቅም ነበር፣ ማንም አልነገረውምና።

ሥራ መሥራት ተፈቅዶልሻል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ 13.90 ዩሮ ነው፣ ከዚያ በታች የሚከፍልሽ ሰው ሕግ ጥሷል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን ለትምህርቱ ብቻ ስጪው። በኋላ ከፋኩልቲሽ ውስጥ የጥናት ረዳትነት፣ ተማሪዎቹ «ሂዊ» የሚሉትን ሥራ ፈልጊ። ክፍያው ከሬስቶራንት ላይበልጥ ይችላል፤ ከመምህራን ጋር የሚያቀራርብሽ ግን እሱ ነው።

3. ቤት ሳታዪ፣ ውል ሳትፈርሚ ለማንም ገንዘብ አትላኪ። «እኔ ለሥራ ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» የሚል ሰው ሌባ ነው። በሕጉ የቤት መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ፣ ያውም ማሞቂያና ውሃ ካልተጨመረበት ኪራይ፣ ሊበልጥ አይችልም። የተማሪ መኖሪያ ለሚያከራየው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት፣ የመቀበያ ደብዳቤሽ በደረሰሽ ቀን አመልክቺ፤ ወረፋው ረጅም ነው።

4. ስለ ደብዳቤ በደንብ ስሚኝ፤ የእኛን ልጆች ከምንም በላይ የጎዳቸው ይህ ነው።

ያ አገር የሚኖረው በፖስታ ሳጥን ነው። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው መዝገብ ቤት ሄደሽ አድራሻሽን ታስመዘግቢያለሽ፤ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ከዚያ በፊት ግን በፖስታ ሳጥኑና በበሩ ደወል ላይ ስምሽን ለጥፊ። ስምሽ ካልተለጠፈ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይመልሰዋል፣ አንቺም እንደ ጠፋሽ ሰው ትቆጠሪያለሽ።

ከዚያ ደብዳቤው መምጣት ይጀምራል። የጤና መድኑ፣ ባንኩ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ይጽፉልሻል። ቴሌቪዥን ባይኖርሽም የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚጠይቅ ወረቀት ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ የሚከፈለውም በቤት ነው። ከሌሎች ጋር አንድ ቤት የምትጋሪ ከሆነ አንዳችሁ ከፍላችሁ ትካፈላላችሁ። ይህን ማስታወቂያ መስሏቸው የጣሉ ልጆች ዕዳው ተጠራቅሞ ከነቅጣቱ ሲመጣባቸው አይቻለሁ።

አንድ ቀን ቢጫ ፖስታ ሊመጣ ይችላል። ከፍርድ ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት በሥርዓት የተላከ ነው ማለት ነው። ፖስታው ላይ ፖስተኛው በእጁ የጻፈው ቀን አለ። የመልስ መስጫው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ነው፤ አንቺ በርሊን ጓደኛሽ ዘንድ ብትሆኚም፣ ሳጥኑን ከሳምንት በኋላ ብትከፍቺም ለውጥ የለውም። አንዳንዱ አንድ ወር ይሰጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ብቻ። ስለዚህ ፖስታውን አትጣዪ፤ ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር አያይዘሽ አስቀምጪው። ካልገባሽ በዚያው ቀን ለሚገባው ሰው አሳዪ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለተማሪ በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ሰዓት አለ።

መኖሪያ ፈቃድሽን በሚመለከት ደግሞ፣ ቪዛሽ ከማለቁ በፊት ማመልከቻሽ መግባት አለበት። ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ማመልከቻው በጊዜ ከገባ ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሕጋዊ ሆነሽ ትቆያለሽ፣ ይህንንም የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጡሻል። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ማመልከት ግን ሌላ ነገር ነው። ያመለከትሽበትን ማስረጃ፣ የኢሜይሉን ቅጂ ሳይቀር፣ ያዢ።

5. ቀጠሮ ስትይዢ ሰዓቱን እነሱ በሚጽፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፊው፣ በልብሽ ወደ እኛ ሰዓት አትቀይሪው። 14:30 ከተባልሽ 14:20 ላይ በሩ ጋ ሁኚ።

6. መስኮት ክፈቺ። «ብርድ ይመታሻል» እየተባልሽ ነው ያደግሽው፣ አውቃለሁ። እዚያ ግን ቤቱ እንደ ጣሳ የታሸገ ነው፤ የእስትንፋስሽ፣ የምግብ ማብሰያው፣ የታጠበው ልብስ እንፋሎት መውጫ ያጣና ግድግዳው ላይ ሻጋታ ይሠራል፤ ስትለቂ ከመያዣሽ ይቆርጡታል። በክረምትም ቢሆን ጠዋትና ማታ ማሞቂያውን ዘግተሽ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ለአምስት ደቂቃ ክፈቺው፤ ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ሙቀቱን ከማባከን በቀር አይረዳም።

ዕጣንና ከሰልን በተመለከተ፣ በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ጭስ የሚያሸት መሣሪያ አለ። በተማሪ መኖሪያ ውስጥ እሱ ሲጮህ የእሳት አደጋ መኪና ሊመጣ ይችላል፤ ወጪውንም አንቺ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ቡናውን በምድጃው ላይ በዝግታ ቁዪው፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የኩሽናው በር ተዘግቶ። አብረውሽ የሚኖሩትን ልጆች ጥሪያቸው። የቡናው ሽታ ከምን እንደመጣ ሲያውቁ ቅሬታው ይቀራል፤ የኩሽና ጽዳት ተራሽን ደግሞ አትዝለዪ፣ እዚያ ሰው በሰው የሚቀየመው በእሱ ነው።

7. ስለ ስንቅ። እናትሽ ቅቤና ቋንጣ ልታሲዝሽ ትፈልጋለች፤ እኔ እህቷ ነኝና አውቃታለሁ። እሺ አትበያት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰድብሻል፣ ልትቀጪም ትችያለሽ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ ያዢ። ቅቤውን እዚያ ጨው የሌለበት ቅቤ ገዝተሽ በቅመም ታነጥሪዋለሽ፤ የእኔ እንዲያ ነበር፣ ዶሮ ወጡም አላሳፈረኝም። የጤፍ ዱቄት ይገኛል፣ ዋጋው ግን ከፍ ስለሚል ብዙዎቹ ከስንዴ ወይም ከገብስ ይቀላቅሉታል። ለሰፊ ገበያ አይዘንባንሽትራሰ ወደሚባለው መንገድ ሂጂ፤ የዓረብ ግሮሰሪዎች ያሉበት ነው፣ ምስሩም ቅመሙም ከሱፐርማርኬት ይረክሳል። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ የሳምንቱን ቅዳሜ ሸምቺ።

ጾሙን እንዴት እጾማለሁ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት፣ ሜንዛ የሚሉት፣ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ያቀርባል፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለውም። ሁዳዴን ሙሉ በዚያ መጾም ይቻላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ገና የሚውለው እነሱ በዓሉን ጨርሰው ክፍል ከተመለሱ በኋላ ነው፣ ፋሲካም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ለመምህሩ ቀደም ብለሽ በኢሜይል ንገሪው። አብዛኛው «እሺ» ይላል፤ ሳትነግሪው ከቀረሽ ግን የቀረሽ ብቻ ነሽ።

8. አሁን ወደ ትምህርቱ።

ውጤት ላይ እዚያ 1.0 ከሁሉ የበለጠው፣ 4.0 ደግሞ የመጨረሻው ማለፊያ ነው። ከዚያ በላይ መውደቅ ነው። ለአባትሽ ከአሁኑ አስረጂው፤ «1.3 አመጣሁ» ስትዪው እንዳይደነግጥ።

ኮርስ የምትመዘገቢው አልማዌብ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሲስተም ላይ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቦታው ይዘጋል። ለፈተናም የመመዝገቢያና የመሰረዣ ቀን አለ። እኛ ዘንድ ክፍል የገባ ሁሉ ይፈተናል፣ እዚያ ያልተመዘገበ አይፈተንም። ተመዝግቦ ያልመጣ ደግሞ እንደወደቀ ይቆጠርበታል። አንድን ፈተና መድገም የሚቻለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፣ ብዙ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሙከራ። የመጨረሻውን ከወደቅሽ ከትምህርት ክፍሉ ትወጪያለሽ፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም እጅግ ያስቸግራል። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከትምህርቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ነገሩ የፈተና ብቻ አይደለም። ስለዚህ በፈተና ቀን ከታመምሽ «እችለዋለሁ» ብለሽ አትግቢ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የሕመም ወረቀት አስጽፊና ለፈተና ቢሮው ቶሎ አድርሺ። ወረቀቱ ሲገባ ሙከራው አይቆጠርብሽም።

ፕሮፌሰሩ የመነጋገሪያ ሰዓት አለው። በሳምንት አንዴ በሩ የሚከፈተው ተማሪ እንዲገባ ነው። ከእኛ አገር የሄደ ተማሪ እዚያ በር ደርሶ ይመለሳል፣ አላዋቂ እንዳልባል ብሎ። ያደግንበት ነገር ነው፤ መምህር ፊት «አልገባኝም» ማለት ድፍረት፣ መጠየቅም መምህሩን መፈተን ይመስለናል። እዚያ የማይጠይቅ ተማሪ ወይ ሁሉን ያወቀ ወይ ግድ የሌለው ተደርጎ ይቆጠራል። በሁለተኛው ሳምንት ግቢ። ጥያቄሽን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት፣ ይህን ስታትስቲክስ በዚህ መልክ አልተማርኩም፣ የትኛውን መጽሐፍ ባነብ እደርስበታለሁ?» በዪው። የመጽሐፉን ስም ይሰጥሻል፣ ከዚያ በኋላም ፊትሽን ያውቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ስትፈልጊ የምትጽፊው ለማያውቅሽ ሰው አይሆንም።

ጽሑፍሽን ሲያርም ወረቀቱ በቀይ ይሞላል፣ ምስጋና ላታገኚበት ትችያለሽ። ይህ ጥላቻ እንዳይመስልሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰጥቶ ያነበበልሽ ሰው አክብሮሻል። ከሰው የወሰድሽውን ሐሳብ ግን ሁሉ ከነምንጩ ጻፊ። ከመጽሐፍ ቃል በቃል መገልበጥ እኛ ዘንድ «ጎበዝ አጥንታለች» ሊያስብል ይችላል፣ እዚያ ከዩኒቨርሲቲ ያስባርራል።

9. ትምህርትሽ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ጀርመንኛ ተማሪ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎቹ ኮርስ ይሰጣል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሪ። በእንግሊዝኛ ዲግሪ ይገኛል፣ ጎረቤት ግን አይገኝም። የቢሮ ሠራተኛዋም በጀርመንኛ ተኮላትፈሽ ስትጠይቂያት ፊቷ ይፈታል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

10. ከሁሉ ይልቅ የምፈራልሽ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው።

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ያውም ከታየች ነው፤ ሳምንት ሙሉ ሰማዩ አመድ መስሎ ይሰነብታል። የአዲስ አበባ ልጅ ገላ ይህን አያውቀውም። መጀመሪያ እንቅልፍ ይበዛል፣ ቀጥሎ ምግብ ያስጠላል፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ይከብዳል። ሰነፍሁ ትያለሽ፣ ጸሎቴን ስለተውኩ ነው ትያለሽ። በሽታ ሊሆን እንደሚችል የሚነግርሽ ሰው አጠገብሽ የለም።

አንድ ልጅ ነበረ፣ ከጎንደር የመጣ፣ ፊዚክስ የሚማር። እናቱ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን የሚያቆመው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነበር፣ ከኋላው መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ እንዲታይ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላታል። አንድ ቀን ምግብ ይዤለት ሄድኩና ክፍሉን አየሁት። ከካሜራው ወዲህ ያለው ክፍል ሌላ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያልተከፈተ ደብዳቤ ተከምሯል፣ አልጋው አጠገብ የደረቀ ዳቦ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። የፈተና ምዝገባው ካለፈ ቆይቷል። ለማንም አልተናገረም። በማግሥቱ አብሬው ወደ ተማሪዎች አገልግሎት የሥነ ልቦና አማካሪዎች ሄድኩ፤ አገልግሎቱ ለተማሪ በነጻ ነው፣ የሚነገረውም ከክፍሉ አይወጣም። ከዚያ ሐኪም፣ ከሐኪሙ ወረቀት፣ በወረቀቱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው የአንድ ሴሚስተር የሕመም ፈቃድ። ይህ ሁሉ አሠራር ቀድሞም ነበረ። የጠበቀው እሱ አፉን እስኪከፍት ነበር። ልጁ ተመርቋል።

ስለዚህ ቀኑ አጭር በሆነበት ወራት በምሳ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ውጪና ክላራ ሴትኪን ፓርክን ግማሽ ሰዓት ተራመጂበት፤ ደመናም ቢሆን የቀን ብርሃን ነው። የመኝታና የመነሻ ሰዓትሽን አትለውጪ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ያው አንድ ቀን፣ ከሰው ጋር ብዪ። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ፈልጊ፣ የሐበሻ ማኅበርም አለ፤ ነገር ግን ከሐበሻ ጋር ብቻ አትታጠሪ። አንድ የስፖርት ወይም የመዝሙር ቡድን ግቢ። ላይፕዚግ ዮሐን ሴባስትያን ባኽ እ.ኤ.አ. ከ1723 እስከ ሞተበት እስከ 1750 ያገለገለባት ከተማ ናት፤ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን የልጆች መዘምራን ዛሬም ይዘምራሉ፣ የከተማው ሰው መዘመር ይወዳል፣ አዲስ ድምፅ አይገፋም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍሽና ምግብሽ ከተዛባ ወደ ሐኪም ሂጂ። ለእናትሽም እውነቱን ንገሪያት። ትጨነቃለች፣ እውነት ነው። መጨነቅ የእናት መብት ነው፣ አትከልክያት።

11. ስለ ቆዳሽ ቀለም ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። ላይፕዚግ ራሷ የተማሪ ከተማ ናት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1989 ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሰላም አደባባይ ወጥቶ መንግሥቱን ያንቀጠቀጠባት፣ በዚህም የምትኮራ። በክፍለ ሀገሩ ግን የውጭ ሰው የማይወድ አለ፤ ትራም ላይ ክፉ ቃል የሚወረውርብሽም ሊያጋጥም ይችላል። አትመልሺለት፤ ወደ ሹፌሩ ወይም ወደ ሌሎች ሴቶች ጠጋ በዪ። ሥጋት ካለ 110 ፖሊስ ነው፣ 112 ለእሳትና ለአምቡላንስ፣ ለአስቸኳይ ያልሆነ የሌሊት ሐኪም 116117። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከሆነ የደረሰብሽ፣ መድልዎን የሚመለከት ቢሮ አለ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በዚያው ምሽት ጽፈሽ አስቀምጪና ሂጂ። የጻፍሽው ማስረጃ ይሆናል፣ ካልተጻፈ ግን በወሩ አንቺም ትጠራጠሪዋለሽ።

12. አንድ ቅዳሜ ባቡር ተሳፍረሽ ጎታ የምትባል ትንሽ ከተማ ሂጂ፤ ከኤርፉርት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ፍሪደንሽታይን የሚባለው ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1652 መስፍኑ ኤርንስት ጋብዟቸው አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ካህን፣ እዚያ ተቀምጠዋል። የጋበዛቸው ለሂዮብ ሉዶልፍ ሲባል ነው። ሉዶልፍ የኤርፉርት ተወላጅ ነው፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በ1649 ሮም ላይ ተዋውቀዋል፤ ግዕዝን ከመጽሐፍ ነበር የለመደው። ስለ ቋንቋው፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ሕዝቡ አኗኗር ጥያቄ በጥያቄ ሲያዘንብባቸው እሳቸው ይመልሱለታል። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ አውሮፓ ስለ እኛ በሥርዓት ማጥናት የጀመረው ከእነዚህ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ።

ይህን የምነግርሽ ክፍል ውስጥ ትንሽነት ሲሰማሽ እንድታስቢው ነው። ሁሉም ከአንቺ የበለጠ ያነበበ ይመስልሻል። አንቺ ደግሞ እነሱ ያላነበቡትን ይዘሻል። ስለ አገርሽ ሲጠይቁሽ የቱሪስት ወረቀት ላይ ያለውን አትድገሚላቸው። የምታውቂውን ንገሪያቸው፣ የማታውቂውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» በዪ፣ ጠይቀሽም ተመለሺ።

13. ስትጨርሺ ሥራ የምትፈልጊበት እስከ 18 ወር የሚደርስ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ። ልቅር ወይስ ልመለስ የሚለውን እኔ አልወስንልሽም፤ እኔ ብዙ ቆይቼ የተመለስኩ ነኝ፣ ሌላው ወዲያው ተመልሶ ተጠቅሟል፣ ሌላው ቀርቶ ቤተሰቡን አንሥቷል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ውሳኔውን የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከማስገባትሽ በፊት ከራስሽ ጋር ጀምሪው፣ ለወላጆችሽም በዚያው ጊዜ ንገሪ፤ አባትሽ ቤቱ ላይ ክፍል እየሠራ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ለማን እንደሚሠራው አይንገርሽ እንጂ ለአንቺ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ፈቃዱን ለመጠየቅ ያለሽ የተማሪ ፈቃድ ከማለቁ በፊት ማመልከት ይኖርብሻል፤ የምረቃ ማረጋገጫው፣ የጤና መድኑና የመኖሪያ ገንዘብሽ ማስረጃ አብሮ ይገባል። የምረቃ ወረቀቱ እስኪታተም ሳምንታት ስለሚወስድ፣ መጨረስሽን የሚገልጽ ጊዜያዊ ደብዳቤ ከፈተና ቢሮው ጠይቂ። ካልጠየቅሽ አይሰጡሽም፣ ከጠየቅሽ ግን ይጽፉልሻል።